ኦቲዝም በማሽን ይታያል? የአንጎል ምስል የሚነግረንና የማይነግረን

አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ካልፈታ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ ከእኩዮቹ ተነጥሎ የጠርሙስ ክዳን ሲያሽከረክር ከዋለ ወሬው ይበዛል። አንዱ «ጂን ነክቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «እናቱ እርጉዝ ሆና ደንግጣ ነው» ይላል። በመጨረሻም «አዲስ አበባ ወስዳችሁ ጭንቅላቱን በማሽን አስነሡት» የሚል ምክር ይመጣል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወይም በቡሬ ገጠር ለሚኖር ገበሬ ይህ ምክር ላም ወይም በሬ ሸጦ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መጓዝ ማለት ነው። ስለዚህ ከብቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት አይቶ የሚናገር የአንጎል ማሽን እስካሁን በየትኛውም አገር ሆስፒታል የለም።

ታዲያ ሳይንቲስቶች የኦቲዝም አንጎልን ለምን በማሽን ይመረምራሉ?

አንጎል በምን ይነጋገራል?

የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካሎች ነው። ግሉታሜት የሚባለው ሴሎችን ያነቃቃል፤ ጋባ የሚባለው ያረግባል። ሴሮቶኒን ደግሞ ከስሜትና ከእንቅልፍ ባሻገር በልጅነት በአንጎል ዕድገት ላይ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የአንዳንዶቹ ደም ከፍ ያለ ሴሮቶኒን እንዳለው ታወቀ። ደም ግን አንጎል አይደለም። በሕይወት ያለን ሰው አንጎል ሳይከፍቱ ኬሚካሉን ማየት የተቻለው ፔት የሚባለው ምርመራ ከመጣ በኋላ ነው።

ተራው ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ በዋናነት የአንጎልን ቅርጽ ያሳያሉ። ፔት ግን ሥራውን ያሳያል። ለተመርማሪው በጣም አነስተኛ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር በመርፌ ይሰጣል፤ ንጥረ ነገሩ በደም ተጉዞ የሚፈለገው ኬሚካል ባለበት ቦታ ይሰበሰባል፤ ማሽኑም ጨረሩን ከውጭ ይለቅማል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ካርቦን 11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ፍኖተ ሰላም ላይ ተሠርቶ በመኪና ቢጫን፣ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ሲደርስ ከግማሽ በታች ይሆናል። ስለዚህ ንጥረ ነገሩን የሚሠራው ግዙፍ መሣሪያ ከምርመራው ክፍል አጠገብ መኖር አለበት። ይህ ዓይነቱ ምርመራ በጥቂት የምርምር ማዕከላት የተወሰነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን ምን ተገኘ?

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዲትሮይት ዳያን ቹጋኒና ባልደረቦቻቸው ኦቲዝም ያለባቸውን 30 ልጆች በፔት መረመሩ። ኦቲዝም በሌለባቸው ልጆች የአንጎል ሴሮቶኒን የማምረት አቅም እስከ 5 ዓመት ድረስ ከአዋቂ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ከዚያ ሲወርድ፣ ኦቲዝም ባለባቸው ግን ከ2 እስከ 15 ዓመት ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲሄድ አዩ። የልጆቹ አንጎል በሌላ የጊዜ ሰሌዳ እያደገ ነበር ማለት ነው።

ብዙዎች «እንግዲያው ሴሮቶኒንን የሚነካ መድኃኒት ይፈውሳል» ብለው ተስፋ አደረጉ። ሆኖም በ2009 ሲታሎፕራም የተባለው መድኃኒት በ149 ልጆች ላይ ተሞክሮ ተደጋጋሚ ባህርይን በመቀነስ ከባዶ ክኒን አልተሻለም። በ2018 ደግሞ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የጋባ ተቀባዮች ቁጥር ኦቲዝም ባለባቸው አዋቂዎች እንደማይለይ ዘገቡ። በ2025 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን 16 እና የሌለባቸውን 16 አዋቂዎች አነጻጽረው፣ አንድ ዓይነት የግሉታሜት ተቀባይ ኦቲዝም ባለባቸው አንጎል አነስ ብሎ አገኙት። ይህ የኦቲዝም መነሻ ይሁን ውጤት ግን ገና አልተለየም።

እነዚህ ጥናቶች የጥቂት ሰዎችን አማካይ የሚያነጻጽሩ ናቸው። የአንዱን ልጅ ምስል አንሥቶ «አለበት» ወይም «የለበትም» ለማለት አያበቁም። ሐኪም ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ቢያዝ እንኳ የሚጥል በሽታን የመሰለ ሌላ ችግር ስለጠረጠረ ነው። «በአንጎል ምርመራ የተረጋገጠ የኦቲዝም መድኃኒት» የሚሸጥ ሰው ቢመጣም ገንዘባችሁን ያዙ።

ለእናቶች የሚሆን ነገር

የአንጎል ጥናት ሌላ ጥቅም አለው። ከዓመታት በፊት በምዕራቡ ዓለም ኦቲዝም ፍቅር ከነፈገች እናት የሚመጣ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ኦቲዝም በአብዛኛው ከማኅፀን ጀምሮ በአንጎል ዕድገት ላይ የሚታይ ልዩነት እንደሆነና የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል። የእናት ጥፋት አይደለም። የክትባትም ውጤት አይደለም፤ በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ሕፃናትን የተከታተለና በ2019 የወጣ ጥናት በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ሩቅያ ማስቀራትና ዱዓ ማድረግ የቤተሰቡ መጽናኛ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ልጁን ማሰር፣ መግረፍ፣ ጭስ ማጠን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ማስቆም ጉዳት ነው። ዱዓ ሰበብ ከማድረስ አያግድም።

ከቡሬ ሳይወጡ ምን ይደረግ?

ኦቲዝም የሚለየው በማየትና በመጠየቅ ነው። ልጁ በዓመቱ ለስሙ መልስ የማይሰጥ፣ በአንድ ዓመት ተኩል በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ፣ የጀመረውን ቃል የተወ፣ አንድን እንቅስቃሴ ሳያቋርጥ የሚደጋግም ከሆነ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያማክሩ፤ በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉ። የመስማት ችሎታው አስቀድሞ ይታይ፤ የማይሰማ ልጅም አይናገርምና።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ስፔሻሊስት ባልሆኑ ባለሙያዎች እንዲሰጥ የታሰበ ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ልጁ በሚወደው ነገር አብሮ መጫወት፣ አጭር ቃል ከምልክት ጋር መጠቀም፣ የዕለት ሥራን በአንድ ቅደም ተከተል ማድረግ፣ ትንሿንም ሙከራ ማመስገን። ቡና ሲፈላ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ለሶላት ዉዱእ ሲደረግ ሁሉ ማስተማር ይቻላል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲመሠርቱ የተነሡት ከማሽን ሳይሆን ከገዛ ልጃቸው ችግር ነበር። በአዲስ አበባ 102 አሳዳጊዎች የተጠየቁበት ጥናትም ትልቁ ያልተሟላ ፍላጎታቸው ለልጃቸው ትምህርት ማግኘት መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለእኛም ጥያቄ ነው፦ በየከተማችን ያሉ መድረሳዎች ለእነዚህ ልጆች አንዲት ምንጣፍ ጥግ ይሰጧቸዋል ወይስ «ይረብሻሉ» ብለው ይመልሷቸዋል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ማሽን ሳይሆን እኛ ነን።

አላህ ለወላጆቻቸው ሶብሩን ይስጥ።