ጨው ሲረጥብ፣ እህል ሲሻግት፦ የማከማቻ ዕቃ አመራረጥ ሳይንስ

ክረምት በገባ ቁጥር በጣና ዳርቻ በሚገኙ ቤቶች ሁሉ አንድ ነገር ይታያል። በበጋ እንደ አሸዋ ይፈስ የነበረው የወጥ ቤት ጨው በሐምሌና በነሐሴ ይረጥባል፤ ይጓጉላል፤ አልፎ አልፎም ዕቃው ሥር ውኃ ያቁራል። ጨው ላይ ውኃ ያፈሰሰ ሰው የለም። ውኃው የመጣው ከአየሩ ነው።

ይህ ክስተት ተራ ቢመስልም ከአንድ ትልቅ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ በምትገኘው በእንፍራንዝና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ያስገባውን በቆሎ ቢያንስ እስከ ቀጣዩ መኸር ማቆየት ይኖርበታል። እህሉ እንደሚበላሽበት ካወቀ ግን ዋጋ በሚረክስበት በመከር ወቅት ለመሸጥ ይገደዳል፤ በክረምትም ያንኑ እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይሸምታል። እህሉ የሚከርመው ወይም የሚሻግተው በምን ምክንያት ነው? ለማከማቻ የሚሆነውንስ ዕቃ በምን መስፈርት እንምረጥ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከሥር መሠረታቸው ለመመልከት እንሞክራለን።

አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው?

አየር ምንጊዜም ጥቂት ውኃ በተን መልክ ይዞ ይገኛል። ሊይዝ የሚችለው መጠን ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 23 ግራም ያህል ውኃ መያዝ ሲችል፣ በ15 ዲግሪ ግን ከ13 ግራም በታች ነው የሚይዘው። አየሩ በዚያች ሰዓት የያዘው ውኃ ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ሲገለጽ አንጻራዊ እርጥበት ይባላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቀን ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 60 በመቶ ቢሆን አየሩ በሜትር ኩብ 13.8 ግራም ውኃ ይዟል ማለት ነው። ይኸው አየር ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው 12.8 ግራም ብቻ ስለሆነ ቀሪው አንድ ግራም ጠል ሆኖ ይወርዳል። የውኃው ብዛት ሳይጨምር አየሩ በመቀዝቀዙ ብቻ ውኃ ተገኘ። ወደኋላ ስለ ብረት ጎተራ ስንናገር ይህን ስሌት መልሰን እናነሳዋለን።

ውኃ የሚምጉና መልሰው የሚሰጡ ነገሮች

እንጨት፣ ቆዳ፣ ወረቀት፣ የትንባሆ ቅጠልና እህል አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። በዙሪያቸው ያለው አየር እርጥብ ሲሆን ውኃ ይምጋሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ የያዙትን መልሰው ይሰጣሉ። ይህ ልውውጥ የሚቆመው በቁሱና በአየሩ መካከል ሚዛን ሲፈጠር ነው። በቆሎ ለምሳሌ 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለበት፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ ቢቆይ የራሱ የውኃ መጠን ከክብደቱ 14 በመቶ አካባቢ ላይ ይረጋል። አየሩ 75 በመቶ ሲደርስ በቆሎው ወደ 15፣ አየሩ 85 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ወደ 18 በመቶ ይጠጋል።

በዓለም ላይ ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ከተሠሩት ዕቃዎች መካከል ስመ ጥር የሆነው ሂውሚዶር የሚባለው የሲጋር ማስቀመጫ ሣጥን ነው። ትንባሆ ለጤና ጠንቅ መሆኑ የተረጋገጠ ቢሆንም ሣጥኑ የተሠራበት ጥበብ ግን ትምህርት ይሰጣል። የሲጋር ቅጠል ከመጠን በላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ይሻግታል። ስለዚህ የሣጥኑ ውስጥ አየር ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 70 በመቶ ባለው እርጥበት ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። የሣጥኑ ውስጠኛ ገበር የሚሠራው የስፔን ሴዳር ከሚባል እንጨት ነው። ዛፉ በስሙ ሴዳር ይባል እንጂ የማሆጋኒ ዘመድ ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲበዛ ይምጋል፤ ሲያንስ ይመልሳል፤ በዚህም የአየሩን መዋዠቅ ያለዝባል።

ይህን ሥራ የሚሠራ ዕቃ በእኛም ዘንድ አለ። በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ማኅደር በሚባለው የቆዳ ከረጢት ገብተው በግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይቀመጣሉ። ብራናም ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲረጥብ ያብጣል፤ ይሻግታልም። ከእንጨት የተሠራው ገበታና ቆዳው ድንገተኛውን የአየር ለውጥ ቀስ ብሎ እንዲደርስ ያደርጉታል፤ ከመሬት ርቆ መሰቀሉም የአፈሩ እርጥበት እንዳያገኘው ይረዳል።

አንድ ሰው ሂውሚዶር ሲመርጥ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ክዳኑ ምን ያህል ይገጥማል? ግድግዳው ውኃ ይምጋል ወይስ አይምግም? ውስጡን የምንለካው በምንድን ነው? ለእህል ማከማቻም የሚጠየቁት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ልዩነቱ ግቡ ላይ ነው። የሲጋሩ ባለቤት እርጥበቱ እንዳይወጣበት ይጨነቃል፤ የእህሉ ባለቤት ደግሞ እንዳይገባበት። ለሲጋር ተመራጭ የሆነው ከ65 እስከ 70 በመቶ ያለው እርጥበት ለእህል የአደጋው ደፍ ነውና። ከዚህ ወሰን በላይ የጎተራ ሻጋታዎች መራባት ይጀምራሉ።

ሻጋታው ምን ያስከትላል?

አየሩ ከ80 በመቶ ሲያልፍ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለው ሻጋታ ይመቸዋል። ይህ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም መንስኤ ነው፤ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር በአብዛኛው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በመሆኑም የማከማቻ ጉዳይ የቁጠባ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ዕቃዎቹን በሦስቱ ጥያቄዎች ስንፈትናቸው

ጎተራ በእንጨት ወይም በቀርከሃ ተሠርቶ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ በሣር የሚከደን ነው። አይገጥምም፤ ይተነፍሳል። ይህ ባሕርዩ በበጋ ጥቅም አለው፤ ገና ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ በቆሎ ከነቆረቆንዳው ቢገባበት ነፋሱ ማድረቁን ይቀጥላል። በክረምት ግን ያው በር ለእርጥብ አየር ክፍት ነው፤ በጥር ደርቆ የነበረው እህል በነሐሴ መልሶ ይረጥባል። ነቀዝም እንደልቡ ይገባል።

ድብኝት በቤት ውስጥ ከጭቃ፣ ከእበትና ከጭድ የሚሠራ ነው። ወፍራም ግድግዳው እንደ ሂውሚዶሩ እንጨት እርጥበትን እየማገና እየመለሰ ለውጡን ያለዝባል፤ በጣሪያ ሥር ስለሆነም ከዝናብ የተጠበቀ ነው። ሆኖም መለዘብ መከላከል አይደለም። ክረምቱ ወራት ሲዘልቅ ግድግዳውም ይጠግባል።

የብረት ጎተራ ክዳኑ በደንብ ከገጠመ እርጥበትም ነቀዝም አይጥም አያስገባም። ግድግዳው ግን ምንም ውኃ አይምግም። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ቀደም ሲል ያሰላነው አንድ ግራም ውኃ በብረቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠል ሆኖ ይታያል፤ ግድግዳውን የነካው እህልም ይሻግታል። ስለዚህ ቦታው ጥላ መሆን አለበት።

አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በውስጡ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ገበሮች፣ ከውጭ ደግሞ የተለመደው ማዳበሪያ አለው። ዘዴው በመጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን የአተር ዘመድ የሆነን ጥራጥሬ ለማከማቸት ነበር። አፉ በደንብ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል። መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ድካሙ አይጥ ሊቀደው መቻሉና በየጊዜው ሲከፈት አዲስ አየር ማስገባቱ ነው።

እዚህ ላይ ጤፍና ዳጉሳ ለምን ከበቆሎ ይልቅ እንደሚከርሙ ልብ ይሏል። የበቆሎ ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬውን ቦርቡሮ ሲሆን፣ እጩም የሚያድገው በፍሬው ውስጥ ነው። የጤፍና የዳጉሳ ፍሬ ግን ለእጩ ቤት ሊሆን የማይችል ደቃቅ ነው።

ዋናው ሕግ

አየር የማያስገባ ዕቃ የተሰጠውን ይጠብቃል። ደረቅ ቢሰጡት ደረቅ፣ እርጥብ ቢሰጡት እርጥብ። ያልደረቀ እህል በጥብቅ ዕቃ ማሸግ በክፍት ጎተራ ከማስቀመጥም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው መውጫ የለውምና። ስለዚህ ከዕቃው ምርጫ በፊት መለኪያው ይቀድማል።

መለኪያው ደግሞ ይኸው የወጥ ቤት ጨው ነው። ንጹሕ ጨው ከአየር ውኃ ስቦ መሟሟት የሚጀምረው አንጻራዊ እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ከላይ እንዳየነው ከዚህ አየር ጋር ሚዛን የሚጠብቀው በቆሎ 15 በመቶ ውኃ የያዘው ነው። ፈተናው በሚከተለው መንገድ ይከናወናል፦

1. ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ እስከ ሲሶው በእህል ይሞላል።
2. በእሳት ላይ የደረቀ ጨው አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ይጨመርበታል።
3. ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ይናጣል፤ ከዚያም ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል።
4. ጨው በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ውኃ ይዟል። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው።

ፈተናውን ማለፍ ግን የመጨረሻው አይደለም። ለረጅም ጊዜ ታሽጎ የሚቀመጥ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ ስላለበት ጨው ካልተጣበቀም በኋላ ለተጨማሪ ቀናት በፀሐይ ማስጣት ይገባል። የአየር እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ መሣሪያውን በዚሁ ጨው ማረም ይችላሉ። በጥቂት ውኃ እንደ ሊጥ የረጠበ ጨው ከመሣሪያው ጋር በአንድ የታሸገ ከረጢት ውስጥ ለአንድ ቀን ቢቀመጥ መሣሪያው 75 ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ በንባቡ ላይ ሁልጊዜ 5 ይደመራል። የሲጋር ሣጥን ባለቤቶችም መሣሪያቸውን የሚፈትኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ማድረቅ ዋጋ አለው

18 በመቶ ውኃ የያዘ አንድ ኩንታል በቆሎ 82 ኪሎ ግራም ደረቅ ነገር አለው። ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ጠቅላላ ክብደቱ 94.3 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከአንድ ኩንታል 5.7 ኪሎ ግራም ውኃ ተነነ ማለት ነው። እህል በክብደት ብቻ በሚሸጥበት ገበያ በጥንቃቄ ያደረቀ ገበሬ በሚዛን ላይ ይከስራል፤ ያላደረቀው ውኃ ይሸጣል። ማድረቅን የማይከፍል ገበያ ባለበት ምርጥ ከረጢት ብቻውን ችግሩን አይፈታም።

በጥቅሉ ገና ያልደረቀን በቆሎ በመኸር ማግሥት ለማቆየት ጎተራ ይሻላል። ለዕለት ፍጆታ ቶሎ ቶሎ ለሚከፈት እህል ድብኝት ይበቃል። በክረምት ለሚበላና ለዘር ለሚቀመጥ ደረቅ እህል ግን በጥላ ሥር ያለ የብረት ጎተራ ወይም ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ላይ የተቀመጠ የታሸገ ከረጢት ተመራጭ ነው። አንባቢያን በመጪው መኸር ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ባዶ ብርጭቆና ጥቂት ጨው ይዛችሁ የቤተሰባችሁን እህል እንድትፈትኑ እንጋብዛለን። ውጤቱን ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል።