የሥራ ቁጥር እንዴት ይመዘናል?

ተማሪዎች፣ መንግሥት ገንዘብ መድቦ «ይህን ያህል ሰው ሥራ አገኘ» ሲል ቁጥሩን ወዲያው ማመንም ሆነ ወዲያው መካድ አይገባም፤ መመርመር ይገባል። ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር መድቧል። የሚመደበውን ብር መቁጠር ቀላል ነው፤ የሚፈጠረውን ሥራ መቁጠር ግን አስቸጋሪ ነው። ለምን ቢባል፣ ቀጥሎ ያለውን ምሳሌ ተመልከቱ።

በደባርቅ ከተማ 60 ወጣቶች ለሦስት ወር የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ አነጠፉ እንበል። ሪፖርቱ «60 ሥራ ተፈጠረ» ይላል። ዳሩ ግን ሦስት ወር የዓመት ሩብ ስለ ሆነ፣ ይህ ዓመቱን ሙሉ ከሚሠሩ 15 ሰዎች ሥራ ጋር እኩል ነው። እነዚሁ ወጣቶች በቀጣዩ ዓመት በዳባት ወረዳ እርከን ሠርተው እንደገና ቢቆጠሩ፣ የሁለቱ ዓመት ድምር 120 ይሆናል፤ ሰዎቹ ግን ያው 60 ናቸው። ከእነርሱም 20ዎቹ ይህ ሥራ ባይመጣ ኖሮ ወደ መተማ ወርደው ሰሊጥ የሚያጭዱ ቢሆኑ፣ ለእነርሱ ሥራው ተለወጠ እንጂ አልተፈጠረም።

ይህ ማለት ግን ድካሙ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በተዳፋት መሬት ላይ በደንብ የተሠራ እርከን ክፍያው ካለቀ በኋላም አፈሩን ይጠብቃል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታነቡ አራት ነገር ጠይቁ፦ ሥራው ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ? አንድ ሰው ስንት ጊዜ ተቆጠረ? ገንዘቡ ባይመደብ ኖሮ ምን ይሠራ ነበር? ገንዘቡ ሲያልቅስ ምን ይቀራል? ይህን ሳይጠይቅ እርሻውን ትቶ የሚመዘገብ ወጣት፣ ከሦስት ወር በኋላ ሥራውንም አዝመራውንም ሊያጣ ይችላል።