«በወጉ ወለደች ወይስ በኦፐራሲዮን?»

በአንድ ሆስፒታል ኮሪዶር ውስጥ፥ የወለዱ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ከመጡ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ ወጣት ባል ከማዋለጃው ክፍል ብቅ አለና ሚስቱ በሰላም እንደ ተገላገለች፥ ወንድ ልጅም እንዳገኘ ተናገረ። እልልታው ሳያልቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ እመት «እንኳን ማርያም ማረቻት» ካሉ በኋላ፥ «ለመሆኑ ልጄ፥ በወጉ ነው ወይስ በኦፐራሲዮን?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በኦፐራሲዮን ነው» አላቸው፤ በጥፋት የተያዘ ሰው ይመስል ነበር። እሳቸውም ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ምን ይደረግ፥ ነፍሷ ከተረፈ ይበቃል» አሉ።

ይህ ጥያቄ የእመት ብቻ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱም ሲነሣ ይሰማል። አንዱ «በኦፐራሲዮን የተወለደ ልጅ አቅመ ደካማ ነው፥ በሽታ ይደጋግመዋል» ሲል፥ ሌላው ደግሞ «ጭንቅላቱ በምጥ ስላልተጨነቀ አእምሮው ብሩህ ይሆናል» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚናገሩት ከሰው የሰሙትን ስለ ሆነ፥ ሐኪሞች መርምረው የደረሱበትን ብንመለከት መልካም ይመስለናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሆድን ሰንጥቆ ሕፃን ማውጣት ጥንታዊ ነገር ነው። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር እንዲህ ተወልዷል የሚለው ወሬ ግን እውነት አይመስልም፤ በዚያ ዘመን ይህ ይደረግ የነበረው እናቲቱ ስትሞት ወይም ልትሞት ስትቃረብ ሲሆን፥ የቄሣር እናት አውሬልያ ልጅዋ ጐልምሶ የጦር አለቃ እስኪሆን ድረስ በሕይወት ነበረች። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በዛሬዋ ኡጋንዳ በቡኞሮ አገር፥ በ1879 ሮበርት ፌልኪን የተባለ የሕክምና ትምህርት የነበረው እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ በዐይኑ ያየው ነው። ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት የመጀመሪያ ልጅዋን ያረገዘች ሴት ነበረች። የአገሩ ባለመድኃኒት የሙዝ ጠጅ አጠጥቶ ካደነዘዛት በኋላ እጁንና ሆድዋን በዚያው ጠጅ አጠበ፤ ቀድዶ ሕፃኑን አወጣ፤ የሚደማውን በጋለ ብረት ተኰሰ፤ ቍስሉንም በቀጫጭን የብረት ወስፌዎች ገጥሞ ከቅርፊት በተሠራ ክር አሠረው። ሕፃኑ ትከሻው ላይ በቢላዋው ጥቂት ተነክቶ ነበር፤ እርሱም ዳነ። ፌልኪን በዐሥራ አንደኛው ቀን ሲሄድ የእናቲቱ ቍስል ገጥሞ ነበር። ወተትዋ ግን ስላነሰ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሕፃኑን ይበልጡን ያጠባችው ወዳጅዋ ነበረች። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ታላላቅ ሆስፒታሎች እንኳ ከዚህ ሥራ በሕይወት የሚወጡ እናቶች ጥቂት እንደ ነበሩ ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ሕፃን በማሕፀን ሳለ ሳንባው በአየር ፋንታ በውሃ የተመላ ነው። ምጥ ሲጀምር የሚሠራው የእናቲቱ አካል ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑም ያምጣል ማለት ይቻላል። ከኵላሊቱ በላይ ያለው ዕጢ አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖችን ወደ ደሙ ይለቅቃል፤ ሳንባውም ውሃ ማመንጨቱን ትቶ ያለውን መምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ ያማጠ ሕፃን ለመተንፈስ ተሰናድቶ ይወጣል። ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ የሚወጣው ግን ይህ መሰናዶ ስለሚጐድለው አንዳንዱ አንድ ሁለት ቀን እያለከለከ ይተነፍሳል፤ አልፎ አልፎም ብርቱ እንክብካቤ ያስፈልገዋል። በ2008 በዴንማርክ ከ34,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ በ37ኛው ሳምንት በቀጠሮ በኦፐራሲዮን የተወለዱት፥ በተፈጥሮ መንገድ እንዲወለዱ ከታሰቡት ይልቅ የአተነፋፈስ ችግር አራት እጥፍ ያህል ደርሶባቸዋል፤ በ38ኛው ሦስት እጥፍ፥ በ39ኛውም ሁለት እጥፍ ያህል። ሐኪሙ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ ከ39 ሳምንት በፊት አልቀድም የሚለው ስለዚህ ነው። ለበዓል እንዲመች «ሁለት ሳምንት ይቀደምልን» ብሎ የሚለምን ባል ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

ሁለተኛው ነገር በዐይን የማይታይ ነው። ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ውስጥ ለምግብ መፈጨትና ለበሽታ መከላከል የሚረዱ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። በ2019 በእንግሊዝ አገር የ596 ሕፃናት ሰገራ ተመርምሮ፥ በተፈጥሮ መንገድ የተወለዱት አብዛኛውን ከእናታቸው እንዳገኙ፥ በኦፐራሲዮን የተወለዱት ግን በሆስፒታል የሚገኙት ዐይነቶች እንደ በዙባቸው ታወቀ። ይሁን እንጂ ልጆቹ አንድ ዓመት እስኪሞላቸው ልዩነቱ አብዛኛው ጠፍቷል።

ስለ አስም የሚነገረውም ከዚሁ ጋራ ይያያዛል። በልዩ ልዩ አገሮች በኦፐራሲዮን ከተወለዱት መካከል አስም የሚይዛቸው በጥቂቱ በዝተው ተገኝተዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እናቲቱን ወደ ኦፐራሲዮን ያደረሳት የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ራሱ ልጁን ሊጐዳ ይችላልና። በ2015 የወጣ የስዊድን ጥናት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ከ2.6 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ተቈጥረው በኦፐራሲዮን በተወለዱት ዘንድ ኦቲዝም ትንሽ በዝቶ ታየ፤ ከአንድ እናት የተወለዱ፥ አንዱ በኦፐራሲዮን ሌላው በምጥ የመጡ ወንድማማቾች ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። «ጭንቅላቱ አልተጨነቀም» የሚለውም ክርክር መሠረት የለውም። የጨቅላ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ በምጥ ጊዜ ተደራርበው ያልፋሉ፤ በጥቂት ቀንም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሕፃንን አብዝቶ የሚጐዳው መዘግየት ነው። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ ዳሌ አላልፍ ሲል፥ ማሕፀን በተኰማተረ ቍጥር በእንግዴ ልጁ በኩል የሚመጣው ደም ይቀንሳል፤ ይህም ሰዓታት ሲቈጠሩ ሕፃኑ ኦክሲጅን አጥቶ ይሞታል፥ ወይም አእምሮው ተጐድቶ ይወለዳል። ካተሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የተባሉት ሐኪሞች በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ በኋላም በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል ሲያቋቁሙ፥ የታካሚዎቻቸው ታሪክ እጅግ ተመሳሳይ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ቀን ምጥ፥ የሞተ ልጅ፥ ከዚያም የማይቈም ሽንት። ሐኪሙ «አሁን ነው» ሲል «ቆይ፥ አባቷን ላማክር» ብሎ የሚወጣ ባል በሕፃኑ ዕድሜ ላይ ይማከራል። (እርስዋ መፈረም እየቻለች ወረቀቱ ኮሪዶር ለኮሪዶር መዞሩ ራሱ የሚያሳዝን ነው።)

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እንደ ገለጸው፥ በአንድ ሕዝብ ዘንድ በኦፐራሲዮን የሚወለዱት እስከ ከመቶ 10 ሲደርሱ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ይቀንሳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ሞት ሲቀንስ አልታየም። በብራዚል ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች እንዲህ ይወለዳሉ። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ቍጥሩ ከመቶ 2 ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ብቻ ግን ከመቶ 21 ነበር። በአንድ አገር ውስጥ አንዲት እናት ሳያስፈልጋት ስትቀደድ ሌላይቱ እያስፈለጋት አጥታለች ማለት ነው። ሳያስፈልግ የሚደረገውም ለሚቀጥለው ልጅ ዕዳ ይተዋል፤ እንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ሊጣበቅ፥ ጠባሳውም በምጥ ጊዜ ሊቀደድ ይችላል። ሆኖም አንድ ጊዜ የተቀደደች ሁሉ ሁልጊዜ ትቀደዳለች ማለት አይደለም። በሐኪም ጥበቃ ሥር ከሚሞክሩት ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ።

ኋላ ወጣቱ እንደ ነገረኝ፥ እመት ወደ ክፍሉ እንደ ገቡ ከዘንቢላቸው ለጨቅላው የሚላስ ቅቤ አወጡ። የደነዘዘው ከወገብዋ በታች ብቻ ስለ ነበረ እናቲቱ ነቅታለች፤ ሕፃኑም ደረቷ ላይ ተኝቶ ነበር። በኦፐራሲዮን የወለደች ሴት ወተት አንዳንዴ ይዘገያል፤ እንገሩ ግን መጥቶላታል። ነርሷ ቅቤውን በሁለት እጇ ተቀብላ «እማማ፥ ይህን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉት» ብላ መለሰችላቸው። እመትም ጐንበስ ብለው ሕፃኑን ተመለከቱና «ኧረ ይጠባል!» አሉ።