የልብ ምት መሣሪያ ያለው ሰው በደረቱ ውስጥ ስለሚሰማው ነገር

በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ አርነ ላርሶን የሚባል የ43 ዓመት ሰው የልቡ ምት እጅግ እየዘገየ በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ኤልሰ ማሪ ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን መሣሪያው ገና አልተዘጋጀም ቢሏትም እሺ እስኪሉ ድረስ አልተወቻቸውም። በ1958 በፈረንጅ አቆጣጠር ፔስሜከር የሚባለው መሣሪያ በሰውነቱ ውስጥ ተቀበረለት። የመጀመሪያው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቢቆምም በሌላ ተተካ፤ ሰውዬውም ከ20 በላይ መሣሪያ እየለወጠ ከሐኪሙም ከመሐንዲሱም በኋላ በ2001 በ86 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ መሣሪያው ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ከትከሻ በታች ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ በደም ሥር የገባው ቀጭን ሽቦም እስከ ልብ ይደርሳል፤ ልብም ሲዘገይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይልክለታል። ይህ ሥራው ለባለቤቱ አይሰማውም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው ሁሉ ደረቱን ማድመጥ ይወዳልና ጥቂቱም ነገር ያስደነግጠዋል። ቁስሉ ሲድን ማሳከኩና አልፎ አልፎ ወጋ ማድረጉ የተለመደ ነው። ቀድሞ በዝግታ ይመታ የነበረ ልብም ምቱ ሲስተካከል የበረታ መስሎ ይሰማል።

ሆድ ከልብ ምት ጋር እንደ ስቅታ እየተንዘረዘረ ሲነሣ፥ ወይም በመሣሪያው ዙሪያ ያለው ሥጋ ሲንቀጠቀጥ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል፤ ሽቦው ከስፍራው ተንቀሳቅሶ ወይም ኃይሉ ወደ መተንፈሻው ጡንቻ ነርቭ ደርሶ ይሆናልና። አንገት ላይ የደም ሥር እየዘለለ ድካምና ማዞር ቢመጣም የልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ተራቸውን ሳይጠብቁ መምታታቸው ሊሆን ይችላል። ብዙው እንዲህ ያለ ነገር ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ ያለ ቢላዋ መሣሪያውን በማስተካከል ይቃናል። ከቆዳ በታች ያለውን መሣሪያ በጣት እያገላበጡ መጫወት የሚወዱም አሉ፤ ይህ ሽቦውን ጠምዝዞ ከልብ ያወጣዋልና እጅን መሰብሰብ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው፤ ፔስሜከር የምቱን ፍጥነት ይጠብቃል እንጂ የልብን የደም ሥር ከመዘጋት አያድንም። ስለዚህ ደረትን የሚጫን ሕመም፥ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፥ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት በመጣ ጊዜ «መሣሪያው ነው» ብሎ የቀጠሮውን ቀን መጠበቅ ሰውን ይገድላል። ያን ጊዜውን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ራስን መሳት ቢመለስም እንዲሁ ነው። ቁስሉ ቢያብጥ፥ ቢቀላ፥ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ማሸትና የቤት መድኃኒት መለጠፍ አይገባም፤ በዚያው ቀን ለሐኪም ማሳየት ነው።

በእኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ሕመሙን ለቤተ ሰቡ መንገር ያፍራል፤ ሲጠይቁትም «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ሚስት ወይም ልጅ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን፥ አንድ ሙሉ ደቂቃ የተቈጠረውንም የልብ ምት በደብተር ይጻፉለት። መሣሪያው ያለፈውን የልብ ምት መዝግቦ የሚያስቀምጥ ስለ ሆነ ሐኪሙ ከደብተሩ ጋር ያስተያየዋል፤ ሰዓቱ ያልተጻፈ ከሆነ ግን ሕመሙ የትኛው ምት እንደ ነበረ ለማወቅ ይቸገራል።