ምዕራፍ አምስት፦ ጡንቻ ሲጣደፍ

ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚያወጣ ሰው ጉድጓድ ሲቆፍር ልብ ብላችሁ እዩት። ዶማውን ደጋግሞ ያነሣል፤ ትንፋሹ ሲያጥርበት ቆም ይላል፤ ላቡን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። አሠልጣኞች ሯጮችን የሚያሠሩትም ይህንኑ ነው፦ ከባድ ጥረት፣ አጭር ዕረፍት፣ ደግሞ ከባድ ጥረት። ለመሆኑ እንዲቆም የሚያስገድደው ምንድን ነው? ጥቂት ካረፈ በኋላስ ጉልበቱ ከየት ይመለሳል?

ሦስት የኃይል ምንጮች

ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ የተባለውን ሞለኪውል እየሰበረ ነው። በጡንቻ ውስጥ ያለው የኤቲፒ ክምችት ግን በሙሉ ኃይል ለሚሠራ ሰው ከሁለትና ሦስት ሰከንድ በላይ አይበቃም። ስለዚህ ሰውነት ኤቲፒን ያለማቋረጥ መልሶ መሥራት አለበት።

ፈጥኖ የሚደርሰው በጡንቻ ውስጥ ያለው ፎስፎክሪያቲን የተባለው ውሁድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሙሉ ጥረት ከሆነ ወደ አሥር ሰከንድ ገደማ አብዛኛው ይሟጠጣል። ሁለተኛው ምንጭ ግላይኮጅን፣ ማለትም በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ነው። ይህ ያለ ኦክስጅን ሲፈርስ ከእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል ሁለት ወይም ሦስት ኤቲፒ ብቻ ይገኛል፤ ፍጥነቱ ግን ከፍተኛ ነው። ሦስተኛው ማይቶኮንድሪያ በተባሉት የሴል ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ በኦክስጅን የሚከናወነው ሥራ ነው። ከአንድ ግሉኮስ ሠላሳ ያህል ኤቲፒ ያስገኛል፣ ለሰዓታትም ይዘልቃል፤ ነገር ግን ዝግተኛ ነው።

ሦስቱም አብረው ይሠራሉ፤ የሚለያየው ድርሻቸው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ከ27 ደቂቃ በላይ ለፈጀው ለዚያ ውድድር አብዛኛውን ኃይል ያቀረበው ኦክስጅን ነው። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ግን ኦክስጅን ብቻውን ለዚያ ፍጥነት አይደርስም፤ ያለ ኦክስጅን የሚሠሩት ሁለቱ ምንጮች መጨመር ነበረባቸው።

ያለ ጥፋቱ የታማው ላክቴት

ግላይኮጅን በጥድፊያ ሲፈርስ ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛል። ብዙ ሰው በማግስቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም የሚያመጣው እሱ ይመስለዋል። ነገር ግን ላክቴት ጥረቱ ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል፤ ሕመሙ ደግሞ የሚበረታው ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ነው። የማግስቱ ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው በጡንቻ ክሮች ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ቁልቁለት መውረድ ከዳገት ይልቅ ጭን የሚያሳምመውም ጡንቻው ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ነው።

ላክቴት እንዲያውም ነዳጅ ነው። ልብና ሌሎች ጡንቻዎች ያቃጥሉታል፤ ጉበትም መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ይህን የጉበትና የጡንቻ ቅብብል የገለጹት ካርልና ጌርቲ ኮሪ በግላይኮጅን ላይ ባደረጉት ምርምር በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለጊዜው ጉልበት የሚያሳጣው ነገር ሌላ ነው፦ ፎስፎክሪያቲን ሲፈርስ የሚጠራቀመው ፎስፌት፣ የአሲድ መጨመርና የነርቭ ትእዛዝ መዳከም። ቆፋሪው ለጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ አብዛኛው ፎስፎክሪያቲን ይተካል፤ ዶማውም እንደገና ይቀለዋል።

ከጥረቱ በኋላ የሚቀረው

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ሥራው ከቆመ በኋላ ነው። ስዊድናውያኑ ዮናስ ቤርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን ይህን በገዛ እግራቸው ፈተኑ። በአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ እስኪዝሉ ረገጡ፤ ከዚያ ለሦስት ቀን ስታርችና ስኳር የበዛበት ምግብ ተመገቡ። በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት፣ የሠራው እግር ግላይኮጅን ካረፈው እግር እጥፍ ያህል ደርሶ ነበር። ሁለቱም እግሮች የተመገቡት ከአንድ ደም ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ድካሙ ብቻ ነው። በሆሞሻ ቤቶች የሚበላው የማሽላ ገንፎ ከከባድ ሥራ በኋላ የሚሞላውም ይህንኑ ክምችት ነው።

ሌላም ለውጥ አለ። ጡንቻ ሲሠራ ግሉት4 የተባሉ የግሉኮስ በሮች ወደ ሴሉ ወለል ይወጣሉ፤ ለዚህ ኢንሱሊን አይጠብቁም። ከሥራው በኋላም ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ለአንድ ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ለሁለት፣ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንቅስቃሴ የሚታዘዘው ስለዚህ ነው።

ጥረቱ ሲደጋገም ደግሞ የኤቲፒ መመናመን ኤኤምፒኬ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ እሱም ሴሉ ተጨማሪ ማይቶኮንድሪያ እንዲሠራ ይገፋፋል። በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ወጣቶች በሁለት ሳምንት ስድስት ጊዜ ብቻ 30 ሰከንድ የሚፈጅ ሙሉ ጥረት እየደጋገሙ ሠሩ። የማይቶኮንድሪያ አቅም የሚለካበት ኢንዛይም በ38 በመቶ ጨመረ፤ ሳይዝሉ ብስክሌት የሚረግጡበት ጊዜም እጥፍ ያህል ሆነ።

እንግዲህ ጥረት ለጡንቻ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ የሚፈጸመው በምግብና በዕረፍት ነው። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲቆፍር የዋለ ሰው ትእዛዙ አልጎደለበትም፤ ሩጫ ከመጨመር ይልቅ ውኃ፣ ጠገብ ያለ ምግብና እንቅልፍ ይበጀዋል። አሶሳ ከተማ ውስጥ ወንበር ላይ ለሚውል ሠራተኛ ግን የጎደለው ትእዛዙ ነው። ፈጠን ካለ እርምጃ ይጀምር፤ ሲለምድ በመካከሉ አጫጭር ዳገት ይጨምር። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ወይም ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወደ ሙሉ ጥረት ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።