በጄድ ወንዝ ዳር ያለች የስኮትላንድ ከተማና ሁለቱ ወገኖቿ

ከኤድንበርግ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጄድበራ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከተማይቱ በጄድ ወንዝ ዳር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ የእንግሊዝ ወሰን ከርሷ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ነዋሪዎቿ 4000 ግድም ናቸው። ጎብኚው አስቀድሞ የሚያየው ንጉሥ ዳዊት ቀዳማዊ በ1138 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመውን፣ ዛሬ ጣሪያ የሌለውን ታላቅ ገዳም ነው። ስለ ገዳሙ ግን ብዙ ተጽፏልና እዚህ የምንመለከተው ሌላ ነገር ነው።

በምዕራባውያን ዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን የመጣ እንግዳ፣ በአውራው መንገድ ያሉት ሱቆች መስኮታቸውን በሳንቃ ሸፍነው ያገኛቸዋል። የሚጠበቀው የእጅ ኳስ ጨዋታ ነው። ኳሷ ትንሽ ናት፤ ከቆዳ ተሰፍታ ጭድ የታጨቀባትና ሪባን የተንጠለጠለባት። ብዙ ጊዜ የሚሰጧትም ሠርጋቸውን ወይም የጋብቻቸውን ዘመን የሚያከብሩ ባልና ሚስት ናቸው። ዳኛ የለም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። ኳሷን በልብስ ሸሽጎ በጓሮ ሾልኮ ማምለጥ እንደ ብልሃት እንጂ እንደ ነውር አይቆጠርም። አንዳንድ ጊዜም ትግሉ እስከ ወንዙ ውስጥ ይደርሳል።

የመጀመሪያይቱ ኳስ የአንድ እንግሊዛዊ ራስ ነበረች፣ ሪባኖቹም ጸጉሩን ያሳያሉ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ይህ ወሬ የወሰን ሕዝብ ለጎረቤቱ የነበረውን ስሜት ይነግረናል እንጂ ለጨዋታው አመጣጥ ማስረጃ አይሆንም። የልማዱን ጽናት ይልቅ የሚያሳየው የ1849 ፍርድ ነው፤ የከተማው ሹማምንት ጨዋታውን ሊያስቀሩ ቢሞክሩ በኤድንበርግ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከጥንት የወረደ ልማድ መሆኑን ተመልክቶ ለተጫዋቾቹ ፈረደ።

ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ዋናው ነገር የወገኑ አከፋፈል ነው። ከገበያው መስቀል በላይ የተወለደ «ላይኛ»፣ በታች የተወለደ «ታችኛ» ይባላል። ሀብትም ሆነ ሥራ አይጠየቅም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ከተማይቱ በገባበት መንገድ ወገኑን ያገኛል። ላይኞች ኳሷን የሚያደርሱት ወደ ኮረብታው ነው፤ ይኸውም ስኮቶች ራሳቸው በ1409 ባፈረሱት ግንብ ስፍራ ወደ ተሠራው አሮጌ እስር ቤት። ታችኞች ደግሞ በከተማይቱ ግርጌ ወዳለው ጅረት ይወስዷታል።

እንግዲህ ሕጉ የቆመው ልጅ በእናቱ ቤት በሚወለድበት ዘመን ላይ ነበር። ዛሬ የአካባቢው እናቶች በብዛት የሚወልዱት በ1988 በሜልሮዝ አጠገብ በተከፈተው ሆስፒታል ነው። ሜልሮዝ ከጄድበራ በስተ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚመጣ ሕፃን በተለመደው መንገድ ቢገባ የሚገባው በታችኞች በኩል ነው። የመወለጃ ስፍራም ሆነ የመግቢያ በር እንደ ፊደሉ ቢጠበቅ ኖሮ፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥ አንድም ላይኛ ባልተገኘ ነበር። የከተማው ሰው ግን ለዚህ ጉባኤ አልጠራም፤ ደንብም አልጻፈም። ልጅ የቤተሰቡን ወገን ይወርስ ጀመር። በመሬት ይቆጠር የነበረው በዘር ይቆጠራል ማለት ነው፤ ይህም በእኔ አስተያየት ከኳሷ አመጣጥ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው፣ ለውጡን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት አሉና።

የታችኞቹም ጅረት ዛሬ በመንገድ ሥር ተሸፍኖ ይፈሳል። እነርሱ ግን ኳሷን አሁንም ውሃው ከታየበት ከቀድሞው ስፍራ ያደርሷታል።