የዓሣው ልጓም ሲፈታ ትርፉ ለማን ነው?

በሐረር የሥጋ ንግድ ደንበኛን ለሁለት ይከፍላል፤ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ለብቻ፣ የክርስቲያኑም ለብቻ ነው። ዓሣ ግን እንደ በግና በሬ እርድ ስለማይጠየቅበት ከጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጪ ያለ ገዢ ከአንድ መደብር ሊወስደው ይችላል። የጎደለው አቅርቦቱ ነው። ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና ለሐረር የመጠጥ ውኃም ዓሣም ያቀርብ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለሱ የዓሣ እርባታን ነገር እንደገና ያነሳል። ቶሎ ሥጋ የሚያወጣ ዘር ከየት ይገኛል? የባለሀብቱ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው።

መልሱ ከአንድ ጂን ጋር ይያያዛል። ማዮስታቲን ይባላል፤ ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚይዝ ልጓም ነው። ይህ ጂን እንዳይሠራ የተደረገባቸው አይጦች ጡንቻቸው ከ2 እስከ 3 እጥፍ መክበዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ሆነ። ሪጅናል ፊሽ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ ይህንኑ ልጓም ከማዳይ ዓሣ ላይ ፈትቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ አቀረበ። የሚበላው ሥጋ በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከ100 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚወጣው ፊሌት 33 ኪሎ ያህል ነው። የጃፓኑ ውጤት ለቆሮሶም ቢሠራ እነዚያው ዓሦች ወደ 40 ኪሎ ይሰጣሉ። ትርፉ ግን በፊሌት ለሚሸጥ እንጂ ዓሣውን በቁጥር ለሚሸጥ አይደለም። ጂኑ የተነካ ጫጩት ለማስመጣት የሚያስብም አስቀድሞ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን እና ማሻሻያውን 896/2007 ማየት ይኖርበታል።

ቅርቡ መንገድ መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረው ሥራ ፈጣኑን ቆሮሶ እየመረጠ በማራባት ብቻ ዕድገቱን በ5 ትውልድ 85 በመቶ ገደማ አሻሽሏል። ወንዱ ከሴቷ ቶሎ ስለሚያድግ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ኩሬው በደቃቃ ዓሣ ይሞላል።

ዘሩ የቱንም ያህል ቢወፍር ሐሮማያን ያደረቁት የመስኖ ፓምፕ፣ ደለልና የከተማ ፍጆታ ለጂን አይመለሱም። ገንዘቡን አስቀድሞ ለውኃና ለበረዶ ያላዋለ ነጋዴ ነገሩ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል።